ማንም ይሁን፣ ብቻ ቶሎ!

ቡናን እስከ በረካ የሚጠብቅ፣ ለቅሶ ቤት ውሎ የሚያመሽ፣ «ነገ ተመለስ» ሲባል ያለ ቅሬታ ነገ የሚመለስ ሕዝብ፣ በሐኪም ጉዳይ ብቻ ቆፍጠን ማለቱ ምስጋና ይገባዋል። ባለፈው ሳምንት በአንድ የግል ክሊኒክ ይህንኑ ቆራጥነት ተመለከትሁ። ካርድ ክፍል የተቀመጠችው ልጅ «ዶክተር ገና ብዙ ሰው አለባቸው፤ ሰባት ቁጥር ያለው አዲሱ ሐኪም ግን ሰው የለበትም» ከማለቷ፣ ለዓመታት አንዷን ዶክተር ሲመላለሱባቸው የኖሩ ታካሚዎች ሁለት ሰው የጎደለው ታክሲ እንደመጣ ሁሉ ተግተልትለው ተነሡ። የአዲሱን ሐኪም ስም የጠየቀ አልነበረም። ምን ያደርጋል? ነጭ ጋዎን ለብሷል።

ደግሞም እውነታቸውን ነው። የሚያውቅዎት ሐኪም ጣጣው ብዙ ነው። ጨው ቀነሱ ወይ ይልዎታል። ያለፈውን መድኃኒት ለምን እንዳቋረጡ ይጠይቃል። አባትዎ በምን እንደሞቱ ያስታውሳል፤ ባለፈው ዓመት «ከፋሲካ በኋላ እተወዋለሁ» ያሉትን መጠጥ ያነሣብዎታል። አዲሱ ሐኪም ፊት ግን ሰው ከኃጢአቱ ሁሉ ነጽቶ ይቀርባል፤ ሲጋራ አያውቅም፣ ጠጅ በሩቁ፣ ክኒኑን አንድም ቀን አልዘለለም።

አዲሱም ስለ እርስዎ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ ደምዎን ይጠይቃል፤ ታይፎይድና ታይፈስ! የታይፎይዱ ምርመራ፣ ቪዳል የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1896 የወጣ ሽማግሌ ነው። የሚፈልገው ሰውነት በሽታውን ሲዋጋ ያመረተውን መከላከያ ነው፤ ያ ደግሞ ካለፈ ሕመም ተርፎ ደም ውስጥ ሊገኝ ይችላልና አንድ ጊዜ ታይቶ ብቻ ዛሬ መታመምዎን አያረጋግጥም። ታሪክዎን የሚያውቅ ሐኪም «ይህ የዚያን ጊዜው ሊሆን ይችላል» ይል ነበር። አዲሱ ሐኪም ግን ሲፕሮ የሚባለውን ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይጽፋል፤ እርስዎም «በሽታውን በአንድ ቀን አገኘልኝ» እያሉ ስሙን በሰፈር ያስጠራሉ።

የዚህ ሥልጣኔ አርበኛ ግን ጎረቤቴ ናቸው። ጡረተኛ ስለሆኑ ጊዜ ሞልቷቸዋል፤ ወረፋ ግን አይወዱም። የመጀመሪያው ሐኪም ለደም ግፊታቸው አምሎዲፒን አዘዘላቸው፤ ደግ አደረገ። ሰንበት ብሎ ቁርጭምጭሚታቸው አበጠ። አምሎዲፒን እግር ሊያሳብጥ እንደሚችል የታወቀ ነው፤ ያዘዘው ሐኪም ቢያያቸው መጠኑን ይቀንስ ወይም በሌላ ይለውጠው ነበር። እሳቸው ቶሎ ወደሚደርሳቸው ሄዱ። ሁለተኛው እብጠቱን አይቶ የሚያሸናውን ላሲክስ ሰጣቸው። ሽንት ቤት መመላለስ ሆነ ሥራቸው። ሦስተኛው ዕድሜያቸውን ተመልክቶ «ፕሮስቴት ነው» አለና ታምሱሎሲን ጨመረ። ይህ ደግሞ ብድግ ሲሉ ያዞራል፤ በግፊት መድኃኒትና በላሲክስ ላይ ሲደረብማ አይጣል ነው። አዞራቸው። አራተኛው «የጆሮ ነው» ብሎ ሲናሪዚን ጻፈ። ሲናሪዚን እንቅልፍ ያመጣል። ቀን ቀን ማንጎላጀት ሲጀምሩ አምስተኛው «ደም ማነስ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ የብረት ክኒን አዘዘ። ብረቱ ሆዳቸውን አደረቀው። ለድርቀቱ ስድስተኛው ሽሮፕ ሰጣቸው፤ ሽሮፑ ጣፋጭ ስለሆነ እስካሁን ከሁሉም የሚያመሰግኑት ይህንን የመጨረሻውን ሐኪም ነው።

የምርመራ ወረቀቶቻቸው በሙሉ በአንድ ጥቁር ፌስታል ታጭቀው ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል። «ለምን ይዘዋቸው አይሄዱም?» ብላቸው «ለማን ላሳየው? ሐኪሙ ጊዜ የለውም እኮ» አሉኝ፤ በኩራት።

ባለፈው ወር ሌሊት ሽንት ቤት ሊሄዱ ብድግ ሲሉ ወደቁ፤ ጭንቅላታቸው ተሰፋ። እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅርብኝ። ሰውየው ሊሞቱ ነበር! ከስድስቱ አንዱ «አሁን የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጠይቆም መልሱን እስኪሰማ ቢጠብቅ፣ ይህ ሁሉ ባልመጣ። የሰው አካል ገላጭ እንደሌለው ደብተር በየጊዜው ከአንደኛው ገጽ አይጀመርም። ከወረቀቱ ቀና ሳይል የሚያዝ ሐኪም፣ ማታ ማታ የተቆረጠ ካርድ ብቻ የሚቆጥር ባለ ክሊኒክ፣ ሲጠየቅ የሚደብቅ ታካሚ፤ ሦስቱም ያሳፍራሉ።

(ደረት ድንገት ሲወጋ፣ ሕፃን ሲያንዘፈዝፈው ሐኪም አይመረጥም፤ የቀረበው ጋ መሮጥ ነው። እኔ የማደንቀው ዓመታት ያስቆጠረ የወገብ ሕመሙን በሩብ ሰዓት ለማስነቀል የሚሮጠውን ነው።)

መፍትሔ አልጠፋም እኮ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2013 የቤተሰብ ሕክምናን በስፔሻሊቲ ደረጃ ማስተማር ጀምሯል፤ ሕፃኑንም አያቱንም አንድ ሐኪም በቋሚነት እንዲከታተል ታስቦ። ይህንን ለአንድ የተማረ ወዳጄ ብነግረው «ሁሉን የሚያይ ከሆነ ምኑን ስፔሻሊስት ሆነ?» አለኝ። እሱ ለእጁ የእጅ፣ ለአውራ ጣቱ የአውራ ጣት ስፔሻሊስት ካልተገኘለት የታከመ አይመስለውም፤ በአውራ ጣትና በእጅ መካከል ያለውን ግንኙነት ማን ይከታተለው እንደሆነ ግን አልነገረኝም።

የጎረቤቴ ስፌት ተፈትቷል። ሰሞኑን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ሲናሪዚን ሲቆይ ይህንንም ሊያመጣ ስለሚችል «ወደ ሰጠዎት ሐኪም ተመለሱ» ብላቸው ከት ብለው ሳቁብኝ፤ እዚያ አሁን ወረፋ በዝቷል። ቀጠሮ የማይጠይቅ፣ እሑድም የሚሠራ የነርቭ ሐኪም አግኝተዋል።