እርማት፦ ዲፈረንሻል የፈረስ ጉልበት አይጨምርም

ወንድሜ፣ «የማዝዳ ሚያታ መኪናዬን ዲፈረንሻል (የሞተሩን ዙር ቀንሶ ለጎማዎቹ የሚያስተላልፈውን ጥርስ) ከ4.1 ወደ 4.3 ብቀይረው፣ የሞተሩ ጉልበት ይጨምራል» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም አንድ ሰሞን አምኜው ነበር። የሚጨምረው ጎማው ላይ የሚደርሰው የመጠምዘዝ ኃይል ነው፣ እሱም 5 በመቶ ገደማ። ሞተሩ ያው ነው። በዚያው ልክ በየማርሹ የምትደርስበት ፍጥነት ይቀንሳል። እንጦጦን በሁለተኛ ማርሽ ስትወጣ መኪናው ቀለል የሚልህ ለዚህ ነው።

ጉልበትህን የበላው ስስ አየር ነው። የምትነዳባት ሱሉልታ ከባሕር ጠለል ከ2500 ሜትር በላይ ናት። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚያ ሩብ ያህል አቅሙን ያጣል። ጉልበት ይጨምራል ብሎ ማርሚታ (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) መቁረጥማ ሰፈር መረበሽ ነው! ገንዘቡ ካለህ ቱርቦ ግጠም፤ ግን መጀመሪያ ሞተሩን ከማርሽ ሳጥኑ የሚያገናኘውን ፍሪሲዮን አስፈትሽ።