የባሕር ጃርት ፅንስ ስላልሞተ አልተጎዳም ማለት አይደለም

የውቅያኖስ አሲዳማነት በባሕር ጃርት (ሰውነቱ በእሾህ የተሸፈነ ክብ የባሕር እንስሳ) ፅንስ ላይ ስለሚያሳድረው ጫና የሚወጡ ዘገባዎች ብዙ ጊዜ የሚቋጩት «አብዛኞቹ ፅንሶች ተቋቁመውታል» በሚል ድምዳሜ ነው። ይህ ድምዳሜ አሳሳች ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም የሞቱትንና ቅርጻቸው የተበላሸውን ይቆጥራል እንጂ የተረፉት ለመትረፍ ምን ያህል ጉልበት እንደከፈሉ አይጠይቅም።

የባሕሩ ውኃ ይዘት የፅንሱን አካል እስከመቀየር እንደሚደርስ ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ጀርመናዊው ኩርት ኸርብስት እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ በውኃው ላይ የሊቲየም ጨው ሲጨምር፣ ወደ ውስጥ ታጥፎ አንጀት መሆን የሚገባው የፅንሱ ክፍል ወደ ውጭ ተገፍቶ እንደ ከረጢት ተንጠልጥሎ ቀረ። ካልሲየም በሌለው ውኃ ደግሞ ተጣብቀው የነበሩት የፅንሱ ሕዋሳት ተለያዩ።

ዛሬ በባሕሩ ላይ የሚጨመረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጋዙ ሲሟሟ ውኃውን አሲዳማ የሚያደርጉትን የሃይድሮጅን አየኖች (ኤሌክትሪካዊ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች) ያበዛል፣ ለአጽም መሥሪያ የሚያስፈልገውን ካርቦኔት ያመነምናል። ከኢንዱስትሪ አብዮት ወዲህ የውቅያኖስ ገጽ ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዳማነቱ ይጨምራል) ከ8.2 ወደ 8.1 ገደማ ወርዷል፤ ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም የሃይድሮጅን አየኑ ክምችት ወደ 30 በመቶ ገደማ ጨምሯል ማለት ነው።

ፅንሱ ሲያድግ በውኃ የሚንሳፈፍ እጭ ይሆናል። የእጩ አጽም የሚሠራው ከካልሲየም ካርቦኔት ሲሆን፣ መጀመሪያ የሚታየው በአንጀቱ ግራና ቀኝ በተሰበሰቡ ሕዋሳት ውስጥ እንደ ሁለት ባለ ሦስት ጫፍ ቅንጣቶች ነው፤ እነዚህ እየረዘሙ የእጩን ክንዶች ይደግፋሉ። በሕዋሳቱ ዙሪያ ያለው የሰውነት ፈሳሽ ፒኤች ከውጭው ውኃ ጋር አብሮ ስለሚወርድ፣ አጽም ሠሪዎቹ ሕዋሳት የውስጣቸውን ሚዛን ለመጠበቅ አሲዱን ያለማቋረጥ ማስወጣት አለባቸው። ክንዶቹ ካጠሩ ደግሞ እጩ የሚሰበስበው ምግብ ይቀንሳል፣ እድገቱ ይዘገያል፣ ለአዳኞች የሚጋለጥበት ጊዜም ይረዝማል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ በሐምራዊው የባሕር ጃርት እጮች ላይ የተደረገ ጥናት ስጋቴን በግልጽ ያሳያል። በአሲዳማ ውኃ ያደጉት እጮች በመጠንም ሆነ በጠቅላላ የኃይል ፍጆታ በተለመደው ውኃ ካደጉት አልተለዩም። ሆኖም ፕሮቲን የመሥራትና አየኖችን የማጓጓዝ ሥራቸው በግማሽ ያህል ጨምሮ፣ ካላቸው ኃይል 84 በመቶውን እነዚህ ሁለት ሥራዎች ብቻ ወስደውታል። ውኃው ቢሞቅ ወይም ምግብ ቢጠፋ መጠባበቂያ የሚሆናቸው ጥቂት ነው። በማይክሮስኮፕ ብቻ ያያቸው ሰው ግን ጤነኛ ብሎ ይመዘግባቸው ነበር።

ዝርያው በጊዜ ይለምደዋል የሚሉ አሉ፤ ማስረጃም አላቸው። በአረንጓዴው የባሕር ጃርት ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በበዛበት ውኃ 4 ወር የቆዩ እናቶች የሚጥሉት እንቁላል በእጅጉ ሲቀንስ፣ 16 ወር በቆዩት ላይ ልዩነቱ ጠፍቷል። ይህ ተስፋ የሚሰጥ ውጤት ነው፣ ልናጣጥለውም አይገባም። ነገር ግን ያው ሙከራ በአራተኛው ወር ቢቆም ኖሮ መልሱ ተቃራኒ ይሆን እንደነበር ያሳያል። ስለዚህ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትክክለኛ ቅርጽ የያዙ እጮችን በመቁጠር የባሕርን ውኃ ደኅንነት የሚመዝኑ ተቋማት፣ የእጮቹን የኃይል አጠቃቀምና እናቶቹ አስቀድመው በምን ዓይነት ውኃ እንደቆዩ በመመዘኛቸው ውስጥ ሊያካትቱ ይገባል።