ለክቡር ብራውዘር፦ ሜሞሪዬን ስለመመለስ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ቁጥር፦ 4ጂቢ/አልቋል
ቀን፦ ታኅሣሥ 28
ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ጉዳዩ፦ ሜሞሪዬን ስለመመለስ

ክቡር ሆይ፣

"ክቡር" ማለቴ አይግረምዎ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አልለመደብንም። ለአያታችንም፣ ለጎረቤታችን ሐጂም "አንተ፣ አንቺ" ነው የምንለው፤ ቅር የሚለው ሰው የለም። የድሬ ልጅ በድንገት "እርስዎ" ካለዎት ነገር አለ ማለት ነው።

ነገሩ የሆነው ከትናንት ወዲያ ነው። እርስዎ ስለማያስታውሱ (ያን ሁሉ ሜሞሪ ይዘው!) እኔ ላስታውስዎ።

እንደሚያውቁት አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ስካነር፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፣ 4 ጂቢ ራም (ያው ሜሞሪ) ያለው አንድ ላፕቶፕ። ታኅሣሥ ለእንደኔ ዓይነቷ ምን ማለት እንደሆነ አልነግርዎትም። የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ስድስት ወር ሙሉ ማንም ዝር አይልም። በመጨረሻው ሳምንት ድሬ በሙሉ ፌስታል ይዞ በሬ ላይ ይቆማል።

ከትናንት ወዲያ አዴ መጣች። አዴ ቀፊራ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። በርበሬ፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ። እኔ ልጅ ሆኜ እናቴ ከእሷ ነበር የምትገዛው። የድሮ ፈቃዷን፣ የግብር ክሊራንሷንና ሁለት ጉርድ ፎቶ በፌስታል ጠቅልላ ገባች። "ልጄ፣ ይሄን ነገር ዛሬ ጨርሺልኝ፤ ሱቁን ለልጅ ትቼ ነው የመጣሁት" አለችኝ።

"አዴ ቁጭ በይ፣ አስር ደቂቃ ነው" አልኳት።

አስር ደቂቃ። ይህችን ቃል ይያዙልኝ።

ወረቀቱን ስካን አደረግኩ። ፋይሉ ከተፈቀደው በላይ ነው ስለተባለ የፋይል ማሳነሻ ገጽ ከፈትኩ። የቀረውን ወረቀት የልጅ ልጇ በቴሌግራም ልኮልኝ ስለነበር ቴሌግራምን ከፈትኩ። ኮድ የሚመጣው በኢሜይል ነው ተባለ፤ ኢሜይል ከፈትኩ። ከዚያ ፎርሙ። ጠዋት ስከፍተው የረሳሁት አንድ የዜና ገጽም ነበር፤ ጥፋቴን አልክድም። እሱ ዜናውን በሁለት መስመር ጽፎ ዙሪያውን ማስታወቂያ የሚያስጨፍር ዓይነት ነው። ሁሉም ቢደመር አምስት ታብ። አምስት!

ድሬ በታኅሣሥ እንዴት ደስ እንደምትል ታውቃላችሁ፤ ማታ ማታ ሹራብ የሚያወጣ ሰው እንኳ አለ። ክቡርነትዎ ግን ቤቴን ሰኔ አደረጉብኝ። ላፕቶፑ ጋለ። ፋኑ ጮኸ። አዴ ቀና ብላ ጣራውን አየች። "አውሮፕላን ነው?" አለች።

ፎርሙ ሦስት ገጽ ነው። ሙሉ ስም፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፣ ቲን ነምበር፣ የሥራ ዘርፍ። የቤት ቁጥሯን አታውቀውም። ለልጇ ደወለች፣ ልጇ ለባሏ ደወለች፣ ባሏ ወጥቶ ግድግዳው ላይ አንብቦ መልሶ ደወለ። ቁጥሩን ስጽፍ ሁለታችንም የምርጫ ውጤት እንደሰማ ሰው ተደሰትን። ሦስተኛው ገጽ ላይ ደረስኩ። "ላክ" የምትለዋን ተጫንኩ።

ሃንግ አደረጉ።

በመጀመሪያ ቀስቷ ወደ ክብ ተለወጠች። ክቧ ዞረች፣ ዞረች። ገጹ ነጣ። ቀጥለው "ገጹ ምላሽ አይሰጥም፤ ይጠብቃሉ ወይስ ይዘጉታል?" ብለው ጠየቁኝ። ጨዋ ነዎት፣ ምርጫ ይሰጣሉ። ጠበቅኩ። የሃርድ ዲስኩ መብራት እንደ ሌሊት ባጃጅ ብልጭ ድርግም አለ። በመጨረሻ አንድ ያዘነ ፊት ሣሉልኝና ሜሞሪ ማለቁን ነገሩኝ። የአዴ ስም የለም፣ ቲኑ የለም፣ ያ ሁሉ ስልክ የተደወለበት የቤት ቁጥር የለም። ያዘኑት ግን እርስዎ ነዎት!

እንደገና ጀመርኩ። እንደገና አዘኑ። ሦስተኛው ላይ ሁለተኛው ገጽ እንኳ ሳንደርስ አዘኑ።

"ምን ሆኖ ነው?" አለች አዴ።

"ብዙ በልቶ ነው፤ ከልክ በላይ በልቶ" አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ይኼኔ በሩ ላይ ስድስት ሰው ተሰልፏል። አንዱ "እህት፣ ይሠራል አይሠራም?" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ከአፌ የወጣውን እስከ ዛሬ አላምንም። ዕድሜዬን ሙሉ በየመስኮቱ ቆሜ ስሰማው የኖርኩትን፣ በሰማሁት ቁጥር ስራገመው የኖርኩትን ቃል፣ በገዛ ሱቄ፣ በገዛ አፌ አልኩት።

"ሲስተም የለም።"

ክቡር ሆይ፣ ይህን አደረጉኝ። መስኮቱ ጀርባ ያለችዋን ሴትዮ አደረጉኝ። የቀረኝ ሻይ ልጠጣ ወጥቼ መጥፋት ብቻ ነበር።

በአራተኛው ሙከራ መሐል ታስክ ማናጀርን፣ ማን ምን ያህል ሜሞሪ እንደያዘ የሚያሳየውን፣ ከፈትኩ። እሱ ራሱ እስኪከፈት አዴ አንድ ዱዓ ጨረሰች። ሜሞሪ፣ 97 በመቶ። ከታች ደግሞ የክቡርነትዎ ስም፤ ቀጥሎም ስምዎ፤ ቀጥሎም ስምዎ። ሃያ አንድ ቆጥሬ ተውኩት። የእድር መዝገብ ላይ እንኳ አንድ ሰው አንዴ ነው የሚጻፈው።

ምክንያቱን አጥቼው አይደለም። ለእያንዳንዱ ታብ የየራሱን ፕሮሰስ (ለብቻው የሚሠራ ፕሮግራም በሉት) የሚከፍቱት አንዱ ቢወድቅ ሌላውን ይዞ እንዳይወድቅ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ስፔክተር የሚባለው የፕሮሰሰር የደኅንነት ቀዳዳ ሲወራ ደግሞ የአንዱ ድረ ገጽ ኮድ የሌላውን ምስጢር እንዳያይ ተብሎ መለያየቱ ባሰ። ደግ ሐሳብ ነው፤ እኔም የባንክ ሒሳቤን ማስታወቂያ እንዲያይብኝ አልፈልግም። ግን ነገሩ ሠርግ ጠርቶ ለእያንዳንዱ እንግዳ የየራሱን ድንኳን ከነወጥ ቤቱ እንደመትከል ሆነ። እንግዳው አልተጋፋም፤ ደጋሹ ከሰረ። አንዱ ታብ ሲወድቅ ሌላው እንዳይወድቅ ሲጠነቀቁ፣ ወገኛ፣ ማሽኑ እንዳለ ወደቀ።

ሜሞሪው ሲሞላስ? ዊንዶውስ የተረፈውን ተሸክሞ ሃርድ ዲስክ ላይ ያራግፋል፤ ሲፈለግ እንደገና ተሸክሞ ያመጣል። የኔ ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከረው፣ የድሮው ዓይነት ነው። ከዚራ ላይ ወጥ ጥዶ ለእያንዳንዷ ቁንጥር ጨው የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ቀፊራ ድረስ በእግር እንደመመላለስ ማለት ነው። ወጡ ያርራል።

ራም ላስጨምር ታይዋን፣ እዚሁ ድሬ ያለው ገበያ፣ ሄጄ ነበር። ልጁ ፈታው፣ አየው፣ መልሶ ገጠመው። "እህቴ፣ ይሄ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው" አለኝ።

ጽሕፈት የተማርኩበት ማሽን 256 ሜጋ ባይት ነበረው። ዊንዶውስ ኤክስፒ፣ ፓወር ግዕዝ፣ አንድ ትልቅ ባለ ሆድ ስክሪን። የሦስት ሰው ማመልከቻ ጎን ለጎን ከፍተን እንጽፍ ነበር። አሁን ያለኝ የዚያን 16 እጥፍ ነው፤ የምጽፈውም ያንኑ ማመልከቻ ነው። ስም ከነአባት፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር።

የድሮ ቂሜን አላነሳም። ሥራ መሐል "አዲስ ስሪት መጥቷል" ስለሚሉኝ፣ ከሌላ ጋር እንዳያዩኝ በየሳምንቱ "ዋና ብራውዘርሽ አድርጊኝ" ስለሚሉኝ፣ ስዘጋዎት መስኮቱን ብቻ ዘግተው ከኋላ ቁጭ ብለው ስለሚበሉት፣ አላነሳም። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል። እርስዎ በበሉበት ያዝናሉ።

አዴ የአባቷን ስም አራት ጊዜ ነገረችኝ። በመጀመሪያው ጊዜ በኩራት ነው የተናገረችው፤ አባቷ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፣ ለገሃር የማያውቀው አልነበረም። በሁለተኛው ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል። በአራተኛው ድምጿ ወረደ። ፌስታሏን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛ "ምናልባት እኔ አሳስቼሽ ይሆን ልጄ?" አለችኝ።

ያጠፋች መስሏት ነበር። ትሰማኛለህ? እሷ ያጠፋች መስሏት ነበር! ሱቋን ለልጅ ጥላ፣ ለባጃጅ ከፍላ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ አንተ ማስታወቂያ ስታስጨፍር የአባቷን ስም ተጠራጠረች። የሠሩህ ሰዎች እንዲህ ያለ ወንበር አጠገብ ተቀምጠው ያውቃሉ? 4 ጂቢ ላይ አንዲት ፎርም፣ አንዲት ብቻ፣ እስከ መጨረሻዋ ሞልተው ያውቃሉ? በነሱ ጠረጴዛ ላይ እንደማትወድቅ አውቃለሁ። ስለዚህ ለነሱ ደህና ነህ። እኛ ጋ የምትወድቀው በወረፋ መሐል ነው፣ በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ቅጣቱ ሊቆጠር ጥቂት ቀን ሲቀረው። ቅጣቱን አንተ ትከፍላለህ? በምንህ?

ይቅርታ፣ አንተ አልኩዎት። ድሬ ላይ አንተ የፍቅር ነው፤ ይሄኛው ግን አይደለም።

በመጨረሻ የአዴን ፌስታል ራሴ ይዤ ማዶ ያለው ልጅ ጋ ወሰድኳት። ማዶ ያለው ልጅ ባለፈው ዓመት ነው የከፈተው። ባለ 16 ጂቢ ማሽን አለው። እስከ ከትናንት ወዲያ ድረስ ሰላምታችን በሩቁ ነበር። ስድስቱ ሰልፈኞችም ተከተሉን፤ አስፋልቱን ስንሻገር ሙሽራ የምናደርስ ነበር የምንመስለው፤ ባጃጅ ቆሞ አሳለፈን።

"አቦ ምን አስጨነቀሽ፣ አምጫት!" አለ።

ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀበት። ሰዓት ይዤ ነበር። ጎኑ ላይ ሙዚቃ ይጫወታል፣ አስራ ምናምን ታብ ተከፍቷል፣ ኳስም በአንዱ ጥግ ይታያል። በምን እየሠራ ነው ብዬ አጎንብሼ አየሁ። እርስዎ ነዎት! ራስዎ! ያቺው ምልክትዎ፣ ያው ስምዎ። እሱ ጋ ሲሆኑ እንዴት ያሉ ታዛዥ ነዎት በአላህ! ያዘነ ፊት የለ፣ ክብ መዞር የለ። ለካ ፊት አይተው ነው የሚሠሩት።

ልጁ ከአዴ ሒሳብ አልቀበልም አለ። ለእኔም ሻይ አዘዘልኝ። ሙሸበክ ጨምሮ። እንዲህ ያለ ደግነት እንዴት እንደሚያቃጥል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሻዩን ጠጣሁት፤ ሙሸበኩን በሶፍት ጠቅልዬ ይዤ ወጣሁ። ስድስቱ ሰልፈኞች እዚያው ቀሩ።

ዛሬ ጠዋት አዴ መጣች። የታደሰ ፈቃዷን ሦስት ኮፒ እንዳነሳላት ነው፤ ማዶ ሄዳ ማስነሳት ስትችል እኔ ጋ መጣች። ኮፒውን አነሳሁ። ሒሳቡን ከፈለች፣ አልቀበልም ብላት ተቆጣችኝ። ልትወጣ ስትል ከሻርፗ ጫፍ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ፈትታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ላፕቶፑን በዓይኗ እያመለከተችኝ፣ ድምጿን ቀነስ አድርጋ፣

"አብሽ ነው። ከልክ በላይ ለበላ ጥሩ ነው" አለችኝ።

አሁን አጠገቤ ነው ያለው፣ ይሸታል። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በኖትፓድ ነው፤ ፋኑ ድምፁን አላሰማም። ልልከው ስል ግን እርስዎን መክፈት ሊኖርብኝ ነው። አብሹን ልንከረው ሄድኩ።

ከሰላምታ ጋር፣
ባለ 4 ጂቢዋ

ግልባጭ፦
ለሃርድ ዲስኩ፤ ሲመቸው፣ ቀስ ብሎ እንዲያነበው
ለፋኑ፤ በማስታወሻ
ማዶ ላለው ልጅ፤ (የሻዩን ብርጭቆ ነገ እመልሳለሁ)