የሥልጠናው ገንዘብ ከአዳራሽ ይውጣ

ወገኖች፣ የተገፋው ሰው ድምፁን ያሰማ ብላችሁ ለሥልጠና ገንዘብ ማዋጣታችሁ መልካም ነው። ግን የት እንደሚገባ ተከታትላችሁ ታውቃላችሁ? አብዛኛው ለአዳራሽ ኪራይ፣ ለባነር፣ ለሻይና ለአበል ይወጣል። ሦስት ቀን ይሠለጠናል፣ የምስክር ወረቀት ይታደላል፣ ፎቶ ይነሣል። በአራተኛው ቀን ሠልጣኙ አቤቱታውን ይዞ ቢሮ ሲሄድ አጠገቡ የሚቆም የለም። ይህን ዝም ብላችሁ አትክፈሉ።

ውሃ የጠፋበትን ሰው ስለ ውሃ እጦት ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ችግሩን ያውቀዋል። የጎደለው ጉዳዩን የሚወስነው የትኛው ቢሮ እንደሆነና የቢሮው በጀት መቼ እንደሚያዝ ማወቅ ነው። ስለዚህ ሥልጠናው ሠልጣኞቹ ራሳቸው ከመረጡት አንድ ጉዳይ ይጀምር፤ ቀኑም ከበጀቱ ወቅት ጋር ይታይ። በጀት ከጸደቀ በኋላ የሚሰጥ ሥልጠና ሰውን ዓመት ያስጠብቃል፤ እስኪደርስም ግማሹ ተስፋ ቆርጦ ይበተናል። ገንዘቡን በጀቱ ከመጽደቁ ቢያንስ አራት ወር ቀድማችሁ ልቀቁ።

አቤቱታ አጻጻፍ በቃል አይለመድም፣ ተጽፎ ነው። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ምን እንደሚጠየቅ፣ ከማንና እስከ መቼ የሚለው መጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይቀመጥ፤ ታሪኩ ከዚያ ይከተላል። በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ መዝገብ ቤት ይገባል፤ በሌላው ላይ ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም አስደርጎ መመለስ ግድ ነው። ቁጥር ያልወጣለት ወረቀት «አልደረሰንም» የተባለ ቀን መከራከሪያ የለውም። በሁለት ሳምንቱ ሁለት ሰው ሆነው ይመለሱ፤ መልስ ከሌለ ማኅተም ያለበትን ቅጂ አያይዘው ወደ በላይ ኃላፊ ይሂዱ። ይህ ሁሉ ምልልስ የትራንስፖርት ገንዘብ ይፈልጋል፤ በጀታችሁ ውስጥ ግን አናየውም። ከጠቅላላው ገንዘብ ቢያንስ ግማሹ ከሥልጠናው በኋላ ላለው ሥራ ይያዝ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና፣ ጆንስ ደሴት ላይ፣ ጥቁሮች በመራጭነት ለመመዝገብ የማንበብ ፈተና ይቀርብባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 በአንድ የኅብረት ሱቅ ጓዳ የማታ ትምህርት ተከፈተ። ያስተማረችው በርኒስ ሮቢንሰን ፀጉር ሠሪ እንጂ በሙያዋ መምህርት አልነበረችም። ተማሪዎቹ ስማቸውን መጻፍ፣ የገንዘብ መላኪያና የዕቃ ማዘዣ ቅጽ መሙላት፣ የምርጫውንም ሕግ ማንበብ ተማሩ፤ ከዚያም ሄደው ተመዘገቡ። ሃይላንደር የተባለው የጎልማሶች ትምህርት ቤት ሱቁና ትምህርቱ ላሉበት ቤት መግዣ ገንዘብ አበድሮ ነበር። ገንዘቡ ሰዎቹ ለዓመታት የሚገለገሉበት ቦታ ላይ ዋለ።

ደግሞ የሠልጣኞቹን ስም ዝርዝር ማውጣት ለባለሥልጣን አትተዉ፤ አበል ያለበትን ስብሰባ ሁሉ የሚዞሩት እነዚያው ሰዎች ይመጡላችኋል። መስማት የተሳናቸው ካሉ ሁለት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያስተረጉም ይደክማል፣ ትርጉሙም ይጎድላል። ለዓይነ ስውር ሠልጣኝ ደጋፊ፣ ለእናቶች ልጅ ጠባቂ ይመደብ። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 29 አካል ጉዳተኞች በሕዝብ ጉዳይ እኩል የመሳተፍ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ወጪያቸውን «ትርፍ» ብላችሁ አትሰርዙት።

በገጠር መንገድ የሚያመላልስ ሰው የታተመ ደረሰኝ ከየት ያመጣል? በፊርማና በምስክር የሚወራረድ ቅጽ ፍቀዱ፤ ያለበለዚያ ገንዘቡ የሚሄደው ደረሰኝ ወዳለው ሆቴል ብቻ ነው። ሠልጣኞችን በምርጫ ማንን እንደሚመርጡ የሚነግር አሠልጣኝ ካለ ግን ክፍያውን ወዲያው አቁሙ።

ሪፖርት ስትጠይቁም «ስንት ሰው ሠለጠነ» አይበቃም። ስንት አቤቱታ ገባ፣ ስንቱ መልስ አገኘ፣ ከስድስት ወር በኋላ ስንት ሠልጣኝ አሁንም ይሰበሰባል ብላችሁ ጠይቁ። የሚቀጥለው ፕሮፖዛል ሲቀርብላችሁ ከሥልጠናው ማግሥት ያለውን ሥራ የሚያሳይ ገጽ ፈልጉ፤ ከሌለ ጽፈውት እንዲመጡ መልሱላቸው።