ቁጥር የሌለው ጥያቄ

አሜሪካ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ኮሌጅ ገብቼ ፊዚክስ ወሰድኩ። አልፈራሁም። አገር ቤት ፊዚክስ ላይ ጎበዝ ነበርኩ። ጊቭን፣ ሪኳየርድ፣ ሶሉሽን ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ፎርሙላው ውስጥ ቁጥሩን መክተት ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት መምህሯ ቁጥር የሌለው ጥያቄ ይዛ መጣች። ኳስ ቀጥ አድርገን ወደ ላይ ወረወርን። ከእጃችን ወጥታ ገና ወደ ላይ እየሄደች ሳለ ምን ምን ኃይል አለባት? አየሩን እርሱት፣ አለች። እኔ ሁለት ጻፍኩ፦ የእጄ ኃይል ወደ ላይ፣ ስበት ወደ ታች። ተሳሳትኩ። ኳሷ እጄን ከለቀቀች በኋላ ያለባት ስበት ብቻ ነው። ወደ ላይ የምትሄደው የያዘችው ፍጥነት ገና ስላላለቀ ነው እንጂ የሚገፋት ኖሮ አይደለም። የኒውተንን ሕግ ስንት ዓመት ጽፌዋለሁ! ይህን ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ከጎኔ የተቀመጡት አሜሪካውያንም የጻፉት እንደኔ ነው። የሃርቫርዱ መምህር ኤሪክ ማዙርም እ.ኤ.አ. በ1991 አስተማመሩን የቀየረው ይኸው ነገር አሳስቦት ነው። ተማሪዎቹ ከባዱን ስሌት ይሠራሉ፤ ቀላሏን የሐሳብ ጥያቄ ይስታሉ። የእኛም መምህር የሱን መንገድ ነው የተከተለችው። መልሱን ቶሎ አልነገረችንም። መጀመሪያ "ከጎናችሁ ካለው ጋር ተከራከሩ" አለችን። ተከራከርን፤ ሐሳቤን በቃል ሳስረዳ የት ላይ እንደሚላላ ራሴ ሰማሁት።

እኔ ሃይስኩል የነበርኩት በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ በፕላዝማ ዘመን ነው። ትምህርቱ በቴሌቪዥን፣ በእንግሊዝኛ ይመጣል። አልገባኝም ብትለው አይቆምም። መምህራችን የሚቀሩትን ጥቂት ደቂቃዎች ይዞ ይሯሯጥ ነበር፤ እሱን አልወቅስም። ቋንቋውም ሌላ ፈተና ነው። ኃይል፣ ጉልበት፣ አቅም በአማርኛችን አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል። ፎርስ፣ ኢነርጂ፣ ፓወር ሲባል ሦስቱንም "ኃይል" ብዬ አንድ ላይ አስቀመጥኳቸው። ልዩነታቸውን በአማርኛ የሚያወራኝ ሰው ቢኖር ምን ያህል በቀለለኝ።

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ሄጄ የእህቴን ልጅ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል አልኩት። "መቶ" አለ ወዲያው። ይዤ የሄድኩትን የወጥ ቤት ቴርሞሜትር የሚንተከተከው ውሃ ውስጥ ከተትን። 92 አካባቢ ላይ ቆመ።

"አጎቴ፣ ተበላሽቷል" አለኝ።

መልሱን አልነገርኩትም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ አየሩ ውሃውን የሚጫነው በትንሹ ነውና መቶ ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። ይህን ራሱ እንዲደርስበት ነበር የፈለግኩት። ጓደኛውን ጠራ፣ ክርክር ጀመሩ። እናቴ ከምድጃው አጠገብ ሆና ስትሰማቸው ቆየችና "ድሬዳዋ እያለን ንፍሮ እንዲህ አይቆይም ነበር" አለች።

ልጁ ዞር ብሎ አያት። ከዚያ ቴርሞሜትሩን እንደገና ውሃው ውስጥ ከተተው።