የሰኞውን ዳዊት ማን ሰማው?

የአገሬ ሰዎች፣ ዳዊት ደጋሚዎች፣ ማኅበርተኞች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ ይህን የምጽፍላችሁ ተቆጥቼ ነው። ቁጣው እስኪበርድ ልጠብቅ ብል አልበርድ አለ። እንግዲያው እንደ ተቆጣሁ ስሙኝ።

በምሥራቅ ጎጃም በአንዲት አጥቢያ የሆነው እንዲህ ነው። አንድ ገበሬ መጋቢት ላይ ታመመና ጤና ጣቢያው ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል ጻፈለት። ሁለቱን የእርሻ በሬዎቹን ገበያ አውጥቶ በ90,000 ብር ሸጠ። 30,000ውን ለመታከሚያ ያዘ። 60,000ውን መንገድ ላይ እንዳይዘረፍ ብሎ ለአበልጁ አደራ ሰጠ። አበልጁ ማኅበርተኛው ነው፤ ዳዊቱን ሳይደግም እህል የማይቀምስ፣ ሰው ሁሉ "እግዚአብሔርን የሚፈራ" የሚለው ሰው ነው። ሚስቱ ደግሞ የበሽተኛውን ሴት ልጅ ክርስትና ያነሣች ናት። ብሩ የተቆጠረው እዚያው ቤት፣ መደብ ላይ ነው። እሷ ቡና ታፈላለች፤ የአበልጁ ታናሽ ወንድምና በሬዎቹን ያሻሻጠው ደላላ ተቀምጠዋል። ደላላው ነው የቆጠረው። ሲጨርስ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ተቋጠረ። "ከተመለስሁ እኔ እወስደዋለሁ፤ ካልተመለስሁ ለልጆቼ እናት" አለ በሽተኛው። አልተመለሰም።

አርባው ከወጣ በኋላ መበለቲቱ ወደ አበልጇ ቤት ሄደች። "አያ፣ ያን አደራ ቢሰጡኝ በሬ ልግዛበት፤ ክረምቱ ደረሰብኝ" አለችው። "የምን አደራ?" አላት።

ሽማግሌ ተቀመጠ። የተጻፈ ነገር የለም። "ምስክር አለሽ ወይ?" ሲሏት ሦስቱን ጠራች። ደላላው ገበያ ሄዷል ተባለ። ወንድምየው "ብር ሲቆጠር አይቻለሁ፤ የማን እንደሆነ አላውቅም" አለ። ክርስትና እናቲቱ ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ "እኔ ጓዳ ነበርሁ" አለች። በሦስተኛው ቀጠሮ፣ ቀኑ ሰኞ ነበር፣ ሰውየው ማንም ሳይጠይቀው "ወንጌል ይምጣልኝ" አለ። መጣለት። መትቶ ማለ። ሽማግሌዎቹም "እንግዲህ ማለ፤ ለእግዚአብሔር ሰጥተነዋል" ብለው ጋቢያቸውን አራግፈው ተነሡ። በዚያው ቀን ማታ ደላላው ጠላ ቤት ቁጭ ብሎ "ብሩንስ የቆጠርሁት እኔ ነኝ፤ ግን በአበልጅ መካከል ምን ጥልቅ አደረገኝ?" አለ። ቤቱ ሙሉ ሰው ሰማው። አንድም ሰው ተነሥቶ ወደ ሽማግሌዎቹ ቤት አልሄደም።

ሴትዮዋ መሬቷን ለእኩል ሰጠች። ልጇ ዘጠነኛ ክፍልን አቋርጣ ከተማ ሰው ቤት ተቀጠረች። ክርስትና ያነሣቻት ሴት "ጓዳ ነበርሁ" ያለችባት ልጅ እሷ ናት።

አሁን ይህን ልብ በሉልኝ። ዳዊት 15 ንጉሥ ነው፤ እያንዳንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር። የሰኞው ከ1 እስከ 30፣ ሦስት ንጉሥ ነው። ሰውየው በዚያ ሰኞ ማለዳ እንደ ልማዱ ደግሟል። 14ኛው ላይ "እግዚኦ መኑ የኀድር ውስተ ጽላሎትከ" ብሎ ጀምሯል፤ በማደሪያህ ማን ያድራል ማለቱ ነው። መልሱም እዚያው አለ፦ ለባልንጀራው ምሎ የማይዋሽ። 23ኛው ላይ ደግሞ ወደ እግዚአብሔር ተራራ ማን ይወጣል ብሎ ይጠይቃል፤ በሐሰት ያልማለ ብሎ ይመልሳል። በተለመደው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የምትፈልጉ 15 እና 24 ላይ ታገኙታላችሁ። እንግዲህ ያ ሰው በአንድ ማለዳ ሁለት ጊዜ በገዛ አፉ የራሱን ፍርድ አንብቦ፣ ዳዊቱን በማኅደሩ ከትቶ፣ ሄዶ ማለ። በዓመት 52 ሰኞ አለ፤ 104 ጊዜ ነው የሚለው። ጆሮው አንድ ጊዜ እንኳ ሰምቶት ቢሆን!

ዳዊት አትድገሙ የሚል ሰው እንዳልመስላችሁ። ድገሙ። ጸሎት ነው፤ ያደግንበት ነው። ግን ጸሎት ብቻውን ሲሮጥ፣ ቁጭ ብሎ "ይህ ቃል እኔን ምን አለኝ?" የሚል ጥናት አጠገቡ ከሌለ፣ አፍ ይለምደዋል፣ ልብ ያመልጣል። እኛ የያዘን በሽታ ይህ ነው። ስንት ቤት ነው መጽሐፍ ቅዱሱ በጨርቅ ተጠቅልሎ የሕፃን ትራስ ሥር የሚያድረው፤ ስንት ወጣት ነው ከስልኩ ላይ አንድ ጥቅስ መርጦ ለጓደኞቹ ልኮ ከፊቱና ከኋላው ያለውን የማያውቀው።

ወደ ሦስቱ ምስክሮች ልመለስ፤ ከሰውየው ይልቅ እነሱ ናቸው እንቅልፍ የነሱኝ። ኦሪት ዘሌዋውያን 5፥1 እነሱን ይናገራል። ምስክር የሆነ ሰው፣ ያየ ወይም ያወቀ፣ የመሐላ ቃል ሲሰማ ባይናገር ኃጢአቱን ይሸከማል ይላል። አይቶ ዝም ያለ! "ምን አገባኝ" ለሚለው ሰው ከዚህ የቀረበ ቃል የለም። ቀጥሎ ምዕራፍ 6 መጀመሪያ ላይ ደግሞ አደራ የካደ፣ በሐሰትም የማለ ሰው ምን እንደሚያደርግ ተጽፏል። ዋናውን ይመልሳል፤ አምስተኛውን ይጨምራል፤ መሥዋዕቱም ከዚህ መመለስ ጋር የተያያዘ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። ዋናው 60,000 ነው፤ አምስተኛው 12,000 ነው፤ ድምሩ 72,000 ብር። ዘኬዎስማ በሉቃስ 19 አራት እጥፍ ብሏል። ጌታችንም በማቴዎስ 5 መባህን በመሠዊያው ፊት ተወው፣ አስቀድመህ ሄደህ ከወንድምህ ታረቅ ይላል። ስለዚህ ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ገዝቶ፣ ዝክር ዘክሮ ይህን ዕዳ ማጥፋት አይቻልም። ዕዳው የመበለቲቱ ነው።

ሽማግሌዎች ሆይ፣ እናንተም "ለእግዚአብሔር ሰጥተነዋል" ስትሉ ኦሪት ዘጸአት 22ን አላያችሁም። አደራ የተቀበለ ሰው የሚምለው ማንም ሳያይ ለጠፋው ነገር ነው፤ መሐላው ምስክር በሌለበት የሚመጣ የመጨረሻ በር ነው። እዚህ ሦስት ሰው አይቷል። ደላላውን ከገበያ እስኪመለስ አንድ ቀን መጠበቅ አቃታችሁ? እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ ጥቂት ቁጥር ዝቅ ብሎ፣ መበለትንና ድሀ አደግን አታስጨንቁ የሚለው አለ።

እነዚህን ምዕራፎች የማናውቃቸው ስለ ከበዱን አይመስለኝም። ሰው በዓመት መጀመሪያ ከዘፍጥረት ይነሣል፤ እስከ ዮሴፍ ታሪክ ድረስ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ዘጸአት 25 ላይ የድንኳኑ ልክና ክንድ ሲጀምር ይደክማል፤ ዘሌዋውያን ሳይደርስ ይዘጋዋል። ስለ ገበያ ሚዛን፣ ስለ ሠራተኛ ደመወዝ፣ ስለ ድንበር፣ ስለ አደራ የሚናገረው ክፍል አብዛኛው ከዚያ ወዲያ ነው። ስለዚህ በዘፍጥረት አትጀምሩ። ማርቆስ 16 ምዕራፍ ነው፤ ከእሱ ጀምሩ። ከዚያ ያዕቆብን ውሰዱ፤ 5 ምዕራፍ፣ 108 ቁጥር ብቻ ነው፤ ለጸባይ እንደ እሱ የሚቆረቁር መልእክት አላውቅም። ከዚያ ዘሌዋውያን 19 እና ምሳሌ። ሐዲስ ኪዳን በሙሉ 260 ምዕራፍ ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን አንድ አንድ ምዕራፍ ያነበበ ሰው በ52 ሳምንት፣ ልክ በዓመቱ ይጨርሰዋል። ቅዳሜና እሑድ ለቅዳሴና ለተረፈው ነው።

ይህ በግል የሚነበበው ነው። ጸባይን የሚያርቀው ግን የጋራው ጥናት ነው፤ ምክንያቱም ብቻውን የሚያነብ ሰው ራሱን በቀላሉ ይምራል። በሳምንት አንድ ምሽት፣ ከብት ከገባ በኋላ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ሆናችሁ አንድ ቤት ተቀመጡ። ከዚያ ከበለጠ ግማሹ አድማጭ ብቻ ይሆናል። ከ10 እስከ 15 ቁጥር ይበቃል። አንዱ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ሌላው ደግሞ ይድገመው፤ ማንበብ የማይችሉት እናቶች በሁለተኛው ንባብ ነው ነገሩን የሚይዙት፤ ብዙ ጊዜም ከተማረው ቀድመው ያገኙታል። ከዚያ ጠይቁ፦ ማን ለማን ተናገረው? ከፊቱና ከኋላው ምን አለ? ምን ያዝዛል፣ ምን ይከለክላል? የመጨረሻው ጥያቄ ግን ዋናው ነው፤ እስከሚቀጥለው ሳምንት እኔ ለማን ምን አደርጋለሁ? መልሱ ስምና ቀን ይኑረው። "መዋደድ አለብን" መልስ አይደለም። "የእገሌን የአጨዳ ሒሳብ ቅዳሜ እከፍላለሁ" መልስ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ከአዲሱ ንባብ በፊት ያለፈው ይጠየቅ፤ ከፈልህ ወይ? ይህን የዘለለ ጥናት ሁለት ዓመት ቢቆይም ሰው አይለውጥም።

የሚያበላሹትን ልንገራችሁ። አንደኛው ድግስ ነው። ጠላ ከተጠመቀ፣ ድፎ ከተደፋ፣ ተራው የደረሰበት ድሀ ይሸማቀቅና ይቀራል፤ ቆሎና ውሃ ይበቃል። ሌላው አንድ አዋቂ ብቻውን ሲናገር ማምሸቱ ነው፤ ዲያቆኑና መሪጌታው መጨረሻ ላይ ይናገሩ፤ ሌላው የሳተውን ያቃኑ። የወንጌሉ አንድምታ፣ የሊቃውንቱ ትርጓሜ፣ በአማርኛ ታትሞ ይገኛል፤ ክርክር ሲነሣ እሱ ይገለጥ። ቃሉን ለሌላ ሰው ማልበስም አለ፤ "ይህስ ለእገሌ ነው" የሚል ሲነሣ ወዲያው አስቁሙት፤ በዚያ ምሽት ስሙ የሚነሣው የተናጋሪው ብቻ ነው። የተሰወረ ኃጢአት ግን ለንስሓ አባት ነው እንጂ ለጉባኤ አይወጣም። ደግሞ አውድማ አለ፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሁሉም ይበተናል። ፈጽማችሁ አትተዉት፤ ወደ አምስት ቁጥር አሳጥሩትና በአውድማው ዳር ተቀመጡ። አንድ ወር የተቋረጠ ጥናት ሲመለስ ያየሁት ጥቂት ነው።

እኛ እኮ የቅኔ ቤቶቹ የዲማና የዋሸራ፣ የጎንጅ አገር ሰዎች ነን። አንዲት የቅኔ ቃል ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ የሚያድር ተማሪ ያፈራ አገር ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አማርኛ የመለሰው፣ አቡ ሩሚ የሚባለው አባ አብርሃም የጎጃም ልጅ እንደሆነ ይነገርለታል። በካይሮ ዐሥር ዓመት ሙሉ፣ በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ከፈረንሳዩ ቆንስል ጋር በር ዘግተው ቁጥር በቁጥር እያነበቡ ነው የሠሩት፤ 9,539 ገጽ ጻፈ። ሙሉው የታተመው እሱ ካረፈ ከዓመታት በኋላ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1840 ነው። ይህ ሁሉ ድካም እኛ በእጃችን መትተን እንድንዋሽበት ነበር? ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ "የምታነበውን ታስተውለዋለህን?" አለው፤ እሱም አልተቆጣም፤ "የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?" ብሎ አጠገቡ እንዲቀመጥ ለመነው። ዛሬ ያን ጥያቄ ለአንድ ዳዊት ደጋሚ ብትጠይቁት ሰደቡኝ ብሎ ይቀየማል።

አዝናለሁ። እናቶቻችን ጾም ውለው፣ በባዶ እግራቸው ተሳልመው፣ አንድ የሚያብራራላቸው አጥተው ያለፉበትን ቃል እኛ በየቤታችን ይዘነዋል። "ስለ ምን ጌታ ሆይ ጌታ ሆይ ትሉኛላችሁ፥ የምለውንም አታደርጉም?" ያለው ለሌላ ሕዝብ አይደለም። ዝም ያልነው ሁላችን ነን፤ ጠላ ቤቱ ሙሉ ነበር።

አንቺ የክርስትና እናት፣ ጓዳ እንዳልነበርሽ ታውቂያለሽ። አንተ ደላላ፣ በጣቶችህ ቆጥረሃል። ሽማግሌዎቹ በሕይወት አሉ፤ እንደገና ሊቀመጡ ይችላሉ፤ በሐሰት የተማለበት አደራ መመለስ እንዳለበት ዘሌዋውያን 6 ራሱ ይናገራል። ሂዱና ያያችሁትን ተናገሩ።

ለሌሎቻችሁ ብዙ ተስፋ አድርጌ አይደለም የጻፍሁት። ብዙ ተግሣጽ ተነግሮን ያውቃል፤ ሰምተን ቤታችን ገብተናል። ግን በየማኅበሩ 12 ሰው አለ። ከ12ቱ ስድስት ፈቃደኛ ቢገኝ በስድስቱ ጀምሩ። ኅዳር ላይ ሁለቱ ቢቀሩ በአራቱ ቀጥሉ። የመጀመሪያው ምሽት ንባብ ማርቆስ 1፥1-15 ይሁን፤ አንባቢውን ዛሬውኑ ምረጡት፤ ቤቱንም ዛሬውኑ ቁረጡ።