ማስተካከያ፦ ስለ ዶ/ር ተወልደ ብርሃን እና ስለ አብርሃ ወአፅብሃ

ባለፈው ሳምንት ለአካባቢ ጥበቃ ስለተሸለሙ ኢትዮጵያውያን ስጽፍ ሁለት ነገር ተሳስቻለሁ። አንባቢዎችን ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። የአካባቢ ጥበቃ ሳይንቲስቱ ዶ/ር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር «በ2000 ዓ.ም. ኖቤል ተሸለሙ» ብዬ ነበር። የተሸለሙት በ2000 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ 1993 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሽልማቱም ኖቤል ሳይሆን ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለው ነው። ብዙዎች «አማራጭ ኖቤል» ስለሚሉት ነው የተምታታብኝ። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ሸልሟቸዋል።

ሁለተኛው ስህተቴ ይብሳል። የ2012 እ.ኤ.አ. የኢኳተር ሽልማት (የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ተፈጥሮን ለሚንከባከቡ ማኅበረሰቦች የሚሰጠው) ለአንድ ሰው የተሰጠ አስመስዬ ጻፍኩ። የተሸለመው ግን በትግራይ፣ ውቅሮ አጠገብ ያለው የአብርሃ ወአፅብሃ ማኅበረሰብ ነው። አካባቢውን ብዙዎቻችን የምናውቀው ከአለት በተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ገበሬዎቹ፣ ሴቱም ወንዱም፣ ያለ ክፍያ ወጥተው እርከን ሠሩ፣ ክትር ገነቡ፣ ተራራውን ከከብት ንክኪ ከለሉ። ቁልቁል ይሮጥ የነበረው ጎርፍ መሬት ውስጥ ሰረገ። ደርቀው የነበሩ ጉድጓዶች ውሃ ያዙ፤ ጓሮው ፍራፍሬ አበቀለ።

ድንጋይ የተሸከመው ትከሻ የብዙ ሰው ነው። እኔ ግን ሁሉንም በአንድ ስም ጠቀለልኩት። ጽሑፉ አሁን ተስተካክሏል።